ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው የደም ግፊቱ በድንገት ሲያሻቅብ ምን ይደረጋል?

ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት (ቲ 6) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱና አንገቱ ቀልቶ ላብ ካጠመቀው ጊዜ አይሰጥም። በሕክምናው አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ከጉዳቱ በታች ያለ ችግር፣ ብዙውን ጊዜ በሽንት የሞላ ፊኛ፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል። አንጎል ይህን ለማርገብ የሚልከው መልእክት ደግሞ የተጎዳውን ቦታ አያልፍም። ግፊቱ ካልወረደ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ብዙ አስታማሚ የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። የእነዚህ ሰዎች የላይኛው ግፊት በደህናው ቀን ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው፤ ስለዚህ ለሌላው ጤነኛ የሚመስለው 130 ለእነሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ከራሱ ከተለመደው በ20 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ ምልክት ነው። የተለመደውን ልክ ደህና በሆነበት ጊዜ ደጋግማችሁ ለክታችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ ያለዚያ በጭንቅ ሰዓት ማወዳደሪያ አይኖራችሁም።

መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡትና እግሩን ወደ ታች አውርዱ፤ ማስተኛት ግፊቱን ያባብሳል። ጉዳቱ ትኩስ ከሆነና አከርካሪው ገና ካልተረጋጋ ግን አታንሱት። ቀበቶ፣ የሆድ መታጠቂያ፣ ካልሲ፣ ጫማ፣ የሽንት ከረጢቱን ማሰሪያ ሁሉ አላሉ። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ለኩ።

ቀጥሎ ፊኛ ነው። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ካለው ከከረጢቱ እስከ ሰውነቱ ድረስ በእጃችሁ ተከተሉት፦ ተጣጥፎ፣ ተቀምጦበት ወይም ከረጢቱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ሽንት ካልወረደ የሰውነት ሙቀት ባለው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ቀስ ብላችሁ አጠቡት፤ ካልተከፈተ ይቀየር። ካቴተር ከሌለው ደግሞ ይግባለት፤ አስቀድሞ 2 በመቶ ሊዶኬይን ጄል (የሚያደነዝዝ ቅባት) ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቱቦው ራሱ ግፊቱን ሊቀሰቅስ ይችላልና። ሆዱን ከላይ መጫን ክልክል ነው።

ፊኛው ደህና ሆኖ ግፊቱ ካልወረደ ተጠርጣሪው የተጠራቀመ ሰገራ ነው። የላይኛው ግፊት 150 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፊንጢጣውን ከመንካት በፊት ባለሙያ መድኃኒት ይስጠው። ከዚያ ጄሉን አድርጋችሁ ቢያንስ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጓንት በቀስታ መርምሩ፤ ከባሰበት ወዲያው አቁሙ። የአልጋ ቁስል፣ ሥጋ ውስጥ የገባ የእግር ጥፍር፣ ቃጠሎ፣ ያልታወቀ ስብራት፣ በነፍሰ ጡር ላይም ምጥ መንስኤ ይሆናሉ።

ግፊት የሚያወርደው ናይትሮግሊሰሪን ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው ለብልት መቆም የሚሰጡትን ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ ክፉኛ ይወድቃል። ከረገበ በኋላም ቢያንስ ለ2 ሰዓት ለኩ፣ ተመልሶ ይነሳልና። መንስኤው ካልተገኘ ወይም ካልረገበ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ስትደርሱም የሕመሙን ስም፣ ጉዳቱ የት እንደሆነና የተለመደ ግፊቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ።