አርዌን በስልክ ካሜራ ማንቀሳቀስ

አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶዎቹን አከታትሎ ፊልም መሥራት ስቶፕ ሞሽን ይባላል። ለመጀመሪያ ሥራ እግርና ክንፍ ያለው ጭራቅ አትምረጡ፤ ሚዛኑ ያስቸግራል። እባብ ይሻላል። የአክሱሙን ዘንዶ፣ አርዌን አስቡ።

ለአከርካሪው አንድ ሜትር ገደማ ባለ 2 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ሽቦ ሁለት አጥፋችሁ ግመዱ፤ ጫፉን ድሪል ላይ አስሮ ቀስ ብሎ ማዞር ያፈጥናል። ከመብራት ገመድ የተላጠ መዳብ የትም አይጠፋም፣ ግን በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ ቀረጻው መሃል ላይ ቅንጥስ ይላል። ሆዱ ላይ ሦስት ቦታ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ዳዶ በአራልዳይት ማጣበቂያ ለጥፉና ይደር። ከዚያ የፍራሽ ስፖንጅ በማስቲሽ አልብሱት፤ በላዩ ስቶኪንግ። ስፖንጁ በቀለም ብቻ ከተቀባ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

አርዌ የሚቆምበትን ችፑድ በስታችሁ፣ ሆዱ ላይ ባሉት ዳዶዎች ከሥር በብሎን እሰሩት። ካልታሰረ አንገቱን ስትነኩ ጅራቱ አብሮ ይንሸራተታል።

ደሴ ላይ በመስኮት ብርሃን አትመኑ። ከጦሳ ተራራ በኩል አንድ ዳመና ሲያልፍ ፎቶው ይጨልማል፣ ፊልሙ ሲታይም ብልጭ ድርግም ይላል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ዝጉት። ብርዱ ቢያስገድድም ነጭ ጋቢ ለብሳችሁ አጠገቡ አትቁሙ፤ ብርሃን እየመለሰ አርዌን አንዴ ያደምቀዋል፣ አንዴ ያደበዝዘዋል። ስልኩ ላይ ፎከሱን፣ ብርሃኑንና ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፉ፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/25 ሰከንድ ይሁን። መብራታችን 50 ኸርዝ ነውና ከዚያ የፈጠነ ሻተር የአምፖሉን መርገብገብ ሊይዝ ይችላል። ስልኩን በጣት ከመንካት በኢርፎን ቁልፍ ማንሳት ይሻላል።

በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፤ አምስት ሰከንድ 60 ፎቶ ነው። አንገቱ ሲነሳ በየፎቶው መሃል መጀመሪያ 1 እና 2 ሚሊ ሜትር፣ መሃል ላይ 8፣ ሊቆም ሲል እንደገና 2 አንቀሳቅሱት። እኩል እኩል ከሄደ ሮቦት ይመስላል። መብራት ቢጠፋ ምንም ሳትነኩ ጠብቁ።

ከሰው ጋር የሚዋጋ ከሆነ ሰውየው ቀድሞ ይቀረጻል። በዚህ ሙያ የታወቀው አሜሪካዊ ሬይ ሃሪሃውዘን የተቀረጸውን ፊልም ከአሻንጉሊቱ ጀርባ ባለ ስክሪን ላይ ፍሬም በፍሬም እያሳየ ነበር የሚያነሳው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው ፊልም የሰባቱ አፅሞች ውጊያ ብቻ አራት ወር ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። እናንተ ከአርዌ ጀርባ አረንጓዴ ጨርቅ መዘርጋት ይበቃችኋል፤ በኋላ ስታቀናብሩ አረንጓዴው ጠፍቶ የሰውየው ፊልም በቦታው ይገባል። ተዋናዩ ግን የዘንዶው ራስ የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ዱላ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ በዚያ ቁመት ያዙለት። ውጭ ፀሐዩ ከግራው ከመታው አምፖሉም ከግራ ይምጣ። አርዌን ግን አረንጓዴ አትቀቡት፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይጠፋል።