ሃይማኖቱ ከሚለይ ሰው ጋር ጋብቻ፦ ክርስቲያኖች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሃይማኖቱስ?» የሚለው ነው። «ያው ክርስቲያን ነው» ከተባለ ደግሞ ሌላ ይከተላል። ኦርቶዶክስ ነው? ጴንጤ ነው? ካቶሊክ ነው? ጥንዶቹ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን በቅጡ ሳይነጋገሩበት ሽማግሌው ደጅ ይደርሳል። የክርስትና ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ የተድበሰበሰ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ከትምህርቱ የሚመቸውን ግማሽ ብቻ ይዞ መሄዱ ነው።

ሃይማኖትንና ዘርን ማምታታት

ዘዳግም ምዕራፍ 7 እስራኤላውያን ከከነዓን ሕዝቦች ጋር እንዳይጋቡ ይከለክላል። ይህን ጠቅሰው «ከብሔርህ ውጭ አታግባ» የሚሉ አሉ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን አያነቡም። ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል፤ ልጅህን ከእግዚአብሔር አርቀው ሌሎች አማልክትን እንዲያመልክ ያደርጉታል ነው የሚለው። ስለ ደምና አጥንት ያለው ነገር የለም። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ስላገባ እህቱ ማርያም አማችው። በለምጽ የተመታችው ግን ራሷ ናት (ዘኁልቁ 12)። ሞዓባዊቷ ሩት «አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ካለች በኋላ ቦዔዝን አገባች፤ የዳዊትም ቅድመ አያት ሆነች። ልጁ የሌላ ብሔር ሰው በማግባቱ ያኮረፈ ወላጅ ማኩረፍ ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስን ግን ባይጨምርበት ጥሩ ነው።

አንድ ጥቅስ ይዞ መሮጥ

«ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» (2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14) የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ጳውሎስ እዚያ ቦታ የሚያወራው ግን ስለ ጋብቻ ብቻ አይደለም፤ ከጣዖት አምልኮ ጋር ስለ መተባበር በሰፊው ነው። ለጋብቻም ይሠራል። ጋብቻን በስሙ ጠርቶ የሚናገረው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39 ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን ማግባት ትችላለች፣ «በጌታ ይሁን እንጂ» ይላል። ከመጥቀስ በፊት እሱን ማንበብ ይቀድማል።

ላገባ ሰው የተጻፈውን ለእጮኛ ማንበብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥14 ያላመነ ባል በሚስቱ ተቀድሷል ይላል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን እንደ ፈቃድ ወረቀት ያወጡታል፤ «እኔ ካመንኩ እሱም ይቀደሳል» ብለው።

የቆሮንቶስ ሰዎች ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ሁለቱም ጣዖት እያመለኩ ተጋብተዋል። ከዚያ አንዱ ወንጌል ሰምቶ አመነ፣ ሌላው አላመነም። አሁን ይፋቱ ወይ? ጳውሎስ አይፋቱ አለ፤ ያላመነው አብሮ ለመኖር ከተስማማ። መሄድ ከፈለገ ደግሞ ይሂድ። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎም «ባልሽን ታድኚው እንደ ሆነ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ምክሩ የተሰጠው ትዳር ውስጥ ላለ ሰው ነው። ገና ቀለበት ያልገዛ ሰው 39ኛውን ቁጥር ያንብብ።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይፈጸማል። ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ እምነቷን የቀየረች እናት «ከማያምን ጋር አትኖሪም፣ ተለዪ» ስትባል እንሰማለን። መካሪዎቹ ዕዝራ 10ን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ እስራኤላውያን ባዕዳን ሚስቶቻቸውን አሰናብተዋል። ነገር ግን ለክርስቲያን ትዳር ቀጥታ የተጻፈው የጳውሎስና የጴጥሮስ ቃል ነው። ጴጥሮስ ቃሉን ያልተቀበለ ባል በሚስቱ ኑሮ ያለ ስብከት ሊማረክ እንደሚችል ይናገራል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥1)።

በዚህ መሃል የታወቀው የቤተ ክርስቲያን መምህር የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካ እንደ ምሳሌ ትጠራለች። እውነት ነው፣ አረማዊ ባሏ ጳጥሪቆስ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ተጠምቋል። ልጇም በ387 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ። ሞኒካ ግን ጳጥሪቆስን «እለውጠዋለሁ» ብላ አልመረጠችውም፤ በዘመኑ ልማድ ወላጆቿ ናቸው የዳሯት። ስለ አባቱ ቁጣና ውስልትና የጻፈውም ራሱ አውግስጢኖስ ነው። የእሷን ዕንባ አይተው ትዳሩን የሚመኙት ሰዎች ይገርሙኛል።

ለሠርግ ሲባል መጠመቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በተክሊልም ሆነ በቁርባን ለመጋባት ሁለቱም በቤተ ክርስቲያኗ የተጠመቁና አብረው የሚቆርቡ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ወገን ተምሮ ይጠመቃል። በእውነት አምኖ የሚመጣ አለ፤ እሱን የሚነቅፍ የለም። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ፣ አዳራሹ ተይዞ፣ ካባው ተከራይቶ ለጥምቀት የሚሮጠውስ? ጴንጤዎቹም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። ፓስተሩ እንዳይከለክል «ጌታን ተቀብያለሁ» ይባልና ከሠርጉ በኋላ እሁድ እንቅልፍ ይሆናል። ለኒካሕ ብሎ በአፉ ብቻ ሸሃዳ (የእስልምናን የእምነት ቃል) የያዘ ክርስቲያንም አውቃለሁ።

እንዲህ ያለው ሰው የሚዋሸው ለካህኑ ብቻ አይደለም። የሚያገባትንም ያታልላል፤ እሷ ያገባችው መስሏት የነበረውን ሰው አታገኘውም። «ካገባን በኋላ ይለወጣል» የሚለው ተስፋም የዚህ ወንድም ነው። አንድ የሚረዳ ጥያቄ አለ፦ ግንኙነታችሁ ነገ ቢፈርስ በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ? መልሱ ከዘገየ የሠርጉን ቀን ማራዘም ይሻላል። እውነተኛ እምነት በመቆየት አይበላሽም።

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይነት ይላል ብሎ ማሰብ

ዋሽንግተን ያለች የአክስት ልጅ ካቶሊክ አግብታ «ቄሱ ፈቀዱልን» ስትል አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ይደነግጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቀኖና ካቶሊክ ያልሆነ ነገር ግን የተጠመቀ ክርስቲያን ለማግባት ፈቃድ ይጠይቃል። ያልተጠመቀ ሰው ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል፤ የአካባቢው ጳጳስ እገዳውን ካላነሱ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ አይጸናም። ካቶሊኩ ልጆቹን ለማስጠመቅና በእምነቱ ለማሳደግ የቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል፤ ሌላኛው ወገን ደግሞ ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል። ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ሁለቱም ቃል መግባት ነበረባቸው፤ የለወጡት የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግን እንዲህ ያለ የፈቃድ በር አትከፍትም። ወንጌላውያን ጋ አብዛኛው ፓስተር አማኝን ከማያምን አያጋባም፤ ከኦርቶዶክስ ጋር ሲሆን ግን መልሱ ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል። ስለዚህ ከዩቲዩብ ሳይሆን ከራስ ንስሐ አባት ወይም ፓስተር መጠየቅ ነው፤ ቢቻል ሁለታችሁም ሆናችሁ።

መዘጋጃ ቤትን እንደ መፍትሔ ማየት

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ማግባትን መብት አድርጎታል። በመዘጋጃ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ሙሉ ጋብቻ ነው፤ ንብረቱም ውርሱም ይከበራል። ኦርቶዶክሱ ግን ከቁርባን ርቆ ይቆያል፤ ፊርማው ይህን አይለውጠውም። እስራኤል ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህም በር ዝግ ነው። እዚያ የሲቪል ጋብቻ የለም፤ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች ብዙ ጊዜ ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ።

ልጆቹን ለኋላ ማቆየት

«ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» ደስ ይላል፤ ግን የኦርቶዶክስ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ብዙ የጴንጤ አጥቢያዎች ደግሞ ሕፃን አያጠምቁም። በእስልምና ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ማግባት ቢፈቀድለትም ልጆቹ የአባታቸውን እምነት ይይዛሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ሙስሊም ሴት ደግሞ በተለመደው ትምህርት ክርስቲያን አታገባም። በ40ኛው ቀን አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመጡ «ገና አልወሰንም» ማለት ራሱ ውሳኔ ነው። ነህምያ ምዕራፍ 13 ላይ ነህምያ የተቆጣው ባዕዳን ሴቶች ያገቡ አይሁድ ልጆች ግማሾቹ የእናታቸውን አገር ቋንቋ እየተናገሩ የአይሁድን ባለማወቃቸው ነበር። ሌላም ምሳሌ አለ። ጢሞቴዎስ አባቱ ግሪካዊ ነበር፤ እምነቱን ያወረሱት እናቱ ኤውንቄና አያቱ ሎይድ ናቸው።

ከልጆች ሌላ ማንም የማያነሳቸው ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። በበዓል ማን ያርዳል? ረቡዕና ዓርብ ምን ይበስላል? አሥራት ከየትኛው ደመወዝ ይወጣል? አንዱ ቢሞት የት ይቀበራል፣ ፍትሐት ይደረግለታል ወይ? እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ የቤተ ክርስቲያን መቃብር ግን የአባላት ነው። ሬሳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቤተሰብ የሚጣላው እጮኝነት ላይ ስላልተነሳ ነው።

ወላጆችም ይሳሳታሉ

ልጃቸው ከእምነታቸው ውጭ ስታገባ ስልክ የሚዘጉ፣ «ሞታብኛለች» የሚሉ አሉ። ከሠርጉ በፊት መቃወም፣ ማስተማር፣ አልመርቅም ማለት ይገባቸዋል። ከተጋቡ በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ይገባል። ባሏ አብሯት ለመኖር እስከተስማማ ድረስ «ፍቺው» እያሉ መወትወት ሐዋርያው የከለከለውን እንድታደርግ መግፋት ነው።