ስፓይደርማን መስታወት ላይ ሲጣበቅ፦ ባሕር ዳር ላይ የስክሪን ህትመት ለምትሰበስቡ

ሐምሌ ላይ ሳሎኔ የተሰቀለውን የስፓይደርማን የስክሪን ህትመት (ቀለም በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ እየተገፋ የሚታተም ሥዕል) ላጸዳ ፍሬሙን ፈታሁት። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ቸኩዬ ሳብኩት። ከትከሻው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀይ ቀለም ተላጠችና መስታወቱ ላይ ቀረች። ቁጥር ተሰጥቷቸው ከታተሙት 150 ኮፒዎች 41ኛው ነበር። ሌላ 41ኛ የለም።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼን ህትመቶች እየፈታሁ አይቻለሁ። እዚህ ከተማ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ወረቀቱ አየር ሲያጣ ነው።

ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል

ምክንያቱ፦ በስክሪን ህትመት ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ብዙም አይሰርግም። በየተራ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ከላይ ይቀመጣል። ወረቀቱን ወደ መብራት አዘንብላችሁ በጎን ብታዩት ጠርዙ ከፍ ብሎ ይታያል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሽንብጥ አካባቢና ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች፣ እርጥበቱ ፍሬም ውስጥ ይገባል። ሌሊት መስታወቱ ሲቀዘቅዝ በውስጥ በኩል ያልበዋል። ቀለሙ ይለሰልስና ይጣበቃል።

መፍትሄው፦ አትሳቡት። ውሃም አታስነኩት። ከነመስታወቱ አግድማችሁ አስተኙትና ደረቅ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተዉት። አንዳንዴ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ የወረቀት ጥገና የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ከነመስታወቱ ይቀመጥ።

ለሚቀጥለው ግን መላው ቀላል ነው። ህትመቱና መስታወቱ መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ፍሬም ቤት ስትሄዱ መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ዙሪያውን እንዲያስገቡላችሁ ንገሯቸው። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። ተራ ካርቶን በጥቂት ዓመት ውስጥ የወረቀቱን ጠርዝ ቡናማ ያደርገዋል።

ወረቀቱ ሞገድ ሠርቷል

ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል። አራቱም ጎኑ በፕላስተር ከተያዘ የሚሄድበት ስለሌለ ያብጣል። ፕላስተሩ ደግሞ ውሎ አድሮ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ እሱ አይለቅም።

ወረቀቱን ነጻ አውጡት። በሁለት ንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ደርባችሁ፣ መጽሐፍ ጫኑበት። አንድ ሳምንት ይቆይ። ካውያ የሚባል ነገር እንዳታስቡ፤ ቀለሙን አቅልጦ ይዞት ይሄዳል። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ሲሆን ወደ ፍሬሙ ለመመለስ ከወረቀት አራት የማዕዘን ኪሶች አጥፋችሁ ሥሩ፣ የህትመቱን ጥጎች እነሱ ውስጥ ብቻ ሰኩ። ሙጫ ህትመቱን አይነካውም፣ ወረቀቱም እንደልቡ ይሰፋል፣ ይጠባል።

ጥቃቅን ነጠብጣብና የሽታ ለውጥ

ሻጋታ ነው። የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ይበቅላል። ዝናብ በሌለበት ቀን ጥላ ስር አውጡት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወደ ውጭ ጥረጉ። በረኪና እንዳይነካው። ከዚያ የዝናብ ንፋስ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ አንሱትና የውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ከፍሬሙ ጀርባ ሁለት የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፤ አየር ይዘዋወራል።

ሮዙ ገረጣ፣ ቢጫው ጠፋ

ፀሐይ ናት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ጨረሩ ይከብዳል። ፖፕ አርት (ከኮሚክና ከማስታወቂያ ምስሎች የሚነሳው የሥዕል ስልት) የሚወዳቸው የሚያበሩ ሮዝና ብርቱካናማ ቀለሞች ቀድመው ይሄዳሉ። የገረጣ ቀለም አይመለስም፣ እውነቱ ይሄ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ከሆነ ሥዕሎቹ ያሉት መሃል ላይ፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። የውጩ ዙሪያ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይቀበልላቸዋል። እኔም የባትማን ህትመቴን ከመስኮቱ ፊት አንስቼ ኮሪደር ውስጥ የሰቀልኩት ያንን አይቼ ነው።

የገዛሁት በእርግጥ የስክሪን ህትመት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ነጠብጣብ አለው፣ ስለዚህ በኮምፒውተር ፕሪንተር የወጣ ነው» ይላሉ። የኮሚክ ፖፕ አርት ግን ነጠብጣብን ሆን ብሎ ይጠቀማል። አሜሪካዊው የፖፕ አርት ሠዓሊ ሮይ ሊክተንስታይን እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ የርካሽ ኮሚክ መጽሔት ነጠብጣብ አጉልቶ መለያው አድርጎታል።

ልዩነቱ መጠኑና ቀለሙ ላይ ነው። የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡና አጉሉት። በእውነተኛው ላይ የሱፐርማን ካባ ቀይ ከሆነ ዝም ብሎ ቀይ ነው፤ ነጠብጣብ ካለም ትልቅ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ባለ አንድ ቀለም ነው። የፕሪንተሩ ግን ቀይ በሚመስለው ውስጥ ጥቃቅን ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነጥቦች ተዘርተውበት ታያላችሁ።

ቁጥሩንም እዩ። 41/150 የሚለው ከታች ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ እርሳስ ወረቀቱን በትንሹ ያጎደጉዳል። አብሮ የታተመ ቁጥር ከሆነ ጠይቁ። «ኤፒ» የሚል ካለ ደግሞ አትደንግጡ፤ ሠዓሊው ለራሱ ያስቀረው ኮፒ ነው፣ ከቁጥሩ ውጭ ይቆጠራል። ሻጩ የቁጥሩንና የፊርማውን ፎቶ በቅርብ አንስቶ ካልላከላችሁ ገንዘብ አትላኩ።