ሳጥኑ ደህና ነው፦ የተቃጠለ የሰብዉፈር አምፕሊፋየር እንዴት እንደቀየርኩ

ወንድሜ ለገና ከሜሪላንድ ሲመጣ ለአባዬ ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ የስፒከር ሳጥን፣ ይዞለት መጣ። ባለ 8 ኢንች፣ ጥቁር፣ ሻንጣ ውስጥ በጃኬትና በፎጣ ተጠቅልሎ። አባዬ የከበሮ ምት ደረቱ ድረስ ሲሰማው ደስ ይለዋል። ወንድሜ ሶኬቱ አልገባ ሲለው ከሰፈር ሱቅ አዳፕተር አስገዛና ሰካው። "ጧ!" አለ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

"በይ እስቲ እይልኝ" አለኝ ወንድሜ፣ ፊቱ ክው ብሎ። ቴክኒክና ሙያ የተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው።

አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን እግር ቅርፅ ብቻ ነው። ቮልቱን አይነካም። አሜሪካ የሚሠራበት 120 ቮልት ነው፣ የኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220። ከውጭ የመጣ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። "100–240" ካለ በአዳፕተር ብቻ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለው። የአባዬ ሰብዉፈር ላይ የተጻፈው "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ይፈልጋል።

ሰብዉፈር የሦስት ነገር ስብስብ ነው። ሳጥኑ፣ ስፒከሩና ከኋላ በብረት ሳህን ላይ የታሰረው፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ግን ደህና ናቸው፣ ዋናው ዋጋም ያለው እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ "ተቃጠለ" ተብሎ በረንዳ ላይ የተጣለ ሰብዉፈር ሳይ በጣም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ሳትፈቱት ተመልከቱት። የሰብዉፈሩ መብራት ጭራሽ ካልበራ ችግሩ የኃይል ነው፤ ገመዱን፣ ማከፋፈያውን፣ ፊውዙን እዩ። መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከቴሌቪዥኑ በኩል ነቅላችሁ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ፣ የጫፉን መሐል በጣት ንኩት። "እምምም" ካለ አምፕሊፋየሩ በሕይወት አለ፤ ችግሩ ከሱ በፊት ነው።

የፊውዝ መስታወት ብዙ ይናገራል። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ሽቦው መሐል ላይ ብቻ ከተበጠሰ ቀላል ጫና ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ መጠን ያለው አዲስ ፊውዝ ይሞከራል። ውስጡ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ግን ውስጥ ሾርት አለ። አዲሱም ወዲያው ይበጠሳል። እባካችሁ በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ አትጠምጥሙ። ፊውዙ የሚያድነው ዕቃውን ብቻ አይደለም፣ ቤቱንም ነው።

የኛው ፊውዝ ጥቁር ነበር።

አሁን መክፈት ነው። ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። የሳህኑን ዙሪያ ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱና ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከውስጥ ወደ ስፒከሩ የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች አሉ። የትኛው ፕላስ የትኛው ማይነስ እንደሆነ ሳትነቅሉ በስልክ ፎቶ አንሱ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ቀጥታ 220 በሚያስገባ ፓወር ሰፕላይ (የኃይል ክፍል) ውስጥ እስከ 310 ቮልት ዲሲ ይኖራል። እጅ አይነካውም። ብዙ ሰው በካቻቢቴ ሾርት ያደርገዋል፣ እሱ ደግሞ ብልጭታው ዓይን ላይ ሊደርስ ይችላል፣ ቦርዱንም ይጎዳል። እኔ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ያንን ክር ያለውን፣ ጫፋቸው ብቻ በተገለጠ ሁለት ሽቦዎች አስሬ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች አስነካዋለሁ። ከዚያ በመልቲሜትር ዲሲ ላይ አድርጌ እለካለሁ። ንባቡ ከጥቂት ቮልት በታች ካልወረደ እጄን አላስገባም።

የአባዬን ስከፍት ታሪኩ ሁሉ ቦርዱ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ከመግቢያው አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ክብ ቫሪስተር ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሥራዋ ነው፤ ቮልት ሲበዛ ራሷን ሾርት አድርጋ ፊውዙን ታስበጥሳለች። ግን አልደረሰችም። ትልቁ ካፓሲተር አናቱ ላይ ያለው የመስቀል ምልክት ተተርትሮ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቷል። ጎኑ ላይ "200 ቮልት" ይላል። በ120 ሲሠራ ወደ 170 ቮልት ነው የሚደርስበት፤ እኛ 310 ሰጠነው። ከጎኑ ያለው ቦርድ ደግሞ የእጅ ጥፍር በሚያህል ቦታ ከስሏል።

ከሰል ያለበትን ቦርድ ለመጠገን አልታገልም። ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ እዚያው ላይ ይቀጣጠላል። ሁሉም ብልሽት ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ያመጡልኝ ሰብዉፈር "እምም" እያለ ያስቸግር ነበር። ችግሩ ሁለት አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ነበሩ። በዚያው ማይክሮፋራድ፣ በዚያው ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችሉ ገዝቼ ፕላስ ማይነሱን ጠብቄ ቀየርኩ፤ ድምፁ ጠራ። ካፓሲተሮቹን የያዘው ቢጫ ሙጫም አርጅቶ ቡናማ ከሆነ ፋቁት፤ ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ሰብዉፈር ቀኑን ሙሉ ራሱን ስለሚያንቀጠቅጥ ብየዳውም ይሰነጠቃል። ድምፁ እየሄደ እየመጣ ካስቸገረ ከባድ ከባድ ዕቃዎችን እግራቸው ላይ እንደገና በይዱ።

በየሰፈሩ ሱቅ በሚሸጡት ባለ ሁለት ትንንሽ ስፒከር ሰብዉፈሮች ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲዲኤ2030 የሚባል ቺፕ ይገኛል። ሲቃጠል እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ የቺፑ የብረት ጀርባ ከማይነስ እግሩ ጋር የተገናኘ ነው። ከማቀዝቀዣው ብረት የሚለየውን ስስ ማይካ መልሳችሁ ካላስገባችሁ አዲሱም ይሄዳል።

ወደ አባዬ ልመለስ። አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛቴ በፊት ስፒከሩ መትረፉን ማወቅ ነበረብኝ። ሽቦዎቹን ነቅዬ በመልቲሜትር ኦም ለካሁ፦ 3.4። ባለ 4 ኦም ስፒከር በሜትር ሲለካ ከ4 ትንሽ ማነሱ ጤናማ ነው። ምንም ካላነበበ ኮይሉ፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ተበጥሷል። ከዚያ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነካሁት። "ቱክ" ብሎ ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ወደ ውጭ ወጣ። በሁለት እጅ ዙሪያውን እኩል ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ የሚፋቅ ድምፅ የለም። ስፒከሩ ደህና ነው። ወንድሜ ያኔ ነው የተነፈሰው።

ሲኒማ ራስ አካባቢ ሄጄ ቲፒኤ3116ዲ2 ቺፕ ያለው፣ ለሰብዉፈር ተብሎ የተሠራ ሞኖ (ለአንድ ስፒከር የሚሆን) ሞጁል፣ ማለትም የተገጣጠመ የአምፕሊፋየር ቦርድ፣ ገዛሁ። መዳፍ ያህላል። ሁለት ማዞሪያ አለው፤ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ወፍራሙን ብቻ የሚያሳልፍ። ስትገዙ ሁለተኛው ማዞሪያ መኖሩን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ዘፋኙም ከሰብዉፈሩ ውስጥ ይዘፍናል።

ሞጁሉ ላይ 100 ዋት ይላል። ይህ በአነስተኛ ኦምና በሙሉ ቮልት ነው። ባለ 4 ኦም ስፒከር በ24 ቮልት ከ70 ዋት ብዙም አያልፍም። ለሳሎን ይበቃል። ቺፑ የሚችለው እስከ 26 ቮልት ስለሆነ ከ24 በላይ አትስጡት።

እኔ 24 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይም አልገዛሁም። መሳቢያ ውስጥ የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር ነበረኝ፦ 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር። 90 ዋት ማለት ነው፤ በዚህ ስፒከር ላይ ወደ 45 ዋት ድምፅ ይሰጣል። ላፕቶፑ ነው የሞተው፣ ቻርጀሩ ጤነኛ ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው። 220ው ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል፣ መንቀጥቀጡም አያገኘውም። ከ100 እስከ 240 ስለሚሠራም ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ድሮው አያስጨንቅም።

አገጣጠሙ አንድ ከሰዓት ወሰደ። የከሰለውን ቦርድ ከብረት ሳህኑ ላይ ፈትቼ አነሳሁ። ሳህኑን ግን አልጣልኩም፤ የሳጥኑን ቀዳዳ ልክ የሚዘጋው እሱ ነው። ሞጁሉን ብረቱ እንዳይነካው በፕላስቲክ ማቆሚያ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ማዞሪያዎቹን በድሮዎቹ ቀዳዳዎች አወጣኋቸው፤ አንዱን በሞረድ ትንሽ ማስፋት ነበረብኝ። ወደ ስፒከሩ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ ተጠንቀቁ። በዚህ ቺፕ ማይነሱ ግራውንድ አይደለም። ሁለቱም ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያደርሱ ናቸው፣ አንዳቸውም ብረቱን ወይም የግራውንድ ሽቦ መንካት የለባቸውም።

ከመዝጋቴ በፊት ስፒከሩን ሳላገናኝ ቻርጀሩን ሰክቼ የሞጁሉን መውጫ በዲሲ ለካሁ። 12 ሚሊቮልት። እዚያ ላይ ሙሉ ቮልቶች ካያችሁ ስፒከሩን አታገናኙ፤ ኮይሉን ያነደዋል። ከዚያ ለሙከራ ብዬ የማስቀምጠውን አሮጌ ስፒከር አስገብቼ ዘፈን ለቀቅኩ። ሠራ። ከዚያ በኋላ ነው የአባዬን ስፒከር ያገናኘሁት።

አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ካለ ሳጥኑ ያፏጫል፣ ድምፁም ይሳሳል። የተረፉትን ቀዳዳዎች በኮምፔርሳቶ ቁራጭና በሲሊከን ደፈንኩ። ሳህኑ ዙሪያ ስስ ስፖንጅ ለጠፍኩ። ሲሊከኑ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ጠበቅነው። አባዬ ሁለት ጊዜ ተነስቶ አይቶታል።

በማግስቱ ከአባዬ ወንበር ላይ ሆኜ ነው ያስተካከልኩት። ድምፅ ቆራጩን ወደ 80 ኸርዝ አካባቢ አደረግኩ። ሜትር አያስፈልግም፤ የዘፋኙ ቃል ከሳጥኑ ውስጥ ከተሰማችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ብቻ ሲቀሩ ቦታው እሱ ነው። ከዚያ የስፒከሩን ሁለት ሽቦ አቀያይሬ ደግሜ አዳመጥኩ። ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ የተሰማበትን አቅጣጫ ያዝኩ። ሲቀያየር ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል፤ አባዬ ራሱ "የቅድሙ ይሻላል" ብሎ መረጠ።

መጨረሻ ላይ የድሮውን የ120 ቮልት ገመድ መግቢያ ከሳህኑ ላይ ነቅዬ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ማንም፣ መቼም፣ እዚያ ላይ ገመድ እንዳይሰካ። በነጭ ማርከርም ከጎኑ "19 ቮልት ዲሲ ብቻ" ብዬ ጻፍኩበት። ወንድሜ ፎቶ አንስቶት ነው የሄደው።