ጡት መልሶ ከተሠራ በኋላ ጨረር ለወሰዱ ሴቶች፦ ዐባይን ተሻግረው ቤት ሲገቡ

የጡት ካንሰር የጨረር ሕክምና በቆዳ ላይ የሚያመጣው ጣጣ የሚብሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሰጣል፤ 40 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ15 ቀን ወይም 50 ግሬይ በ25 ቀን ተከፋፍሎ። ቆዳው ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሳክካል፣ ይሞቃል። በእኛ ቆዳ ላይ ከመቅላት ይልቅ መጥቆሩ ጎልቶ ይታያል። ጫፍ የሚደርሰው ግን ከመጨረሻው ቀን በኋላ ባሉት 1 እና 2 ሳምንታት ነው፤ ማለትም ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤትዎ ገብተው፣ ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት ይዞ በሚመጣበት ሰሞን።

ከሕክምናው ሲመለሱ የዐባይ በረሃ ሙቀት አለ። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ የመኪናው ቀበቶ እንዳይፈትግዎት አሮጌ ነጠላ አጥፈው ከሥሩ ያድርጉ።

ቤት ሲገቡ ቦታውን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅ ብቻ ይጠቡት። ሳይፈትጉ፣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ። ብብትና ከጡት ሥር ያለው እጥፋት እርጥብ ከቀረ ቶሎ ይላጣል። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት በቀን 2 ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል፤ ቆዳው ከተላጠ ግን እዚያ ላይ አይቀቡ። ገና በሕክምና ላይ ላሉ ደግሞ፣ ጨረር ሊገቡ ሲሉ ወፍራም ቅባት አይቀቡ፤ ቆዳው ላይ የሚያርፈውን ጨረር ይጨምራል።

ቅቤ፣ ፌጦና ዳማከሴ ቦታው ላይ አይደረጉም። ቅቤው ንጹሕ አይደለም፣ ፌጦው ያቃጥላል። የራስ ቅቤም ቀልጦ አንገትና ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ጨረሩ ብዙ ጊዜ እስከ አንገት ሥር ስለሚደርስ እስኪድን ይቆይ። ማተብዎ ላይ ከባድ መስቀል ካለ ለጊዜው ያውልቁት። ጠበል ከሄዱ ከላይ በኃይል የሚወርደው ውሃ ደረትዎን እንዳይመታው።

ቆዳው ተልጦ ካዠ ጤና ጣቢያ ሄደው በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ይጠረግልዎት፤ ቁስል ላይ በማይጣበቅ ጨርቅ ይሸፈን። ፕላስተር ግን የተቃጠለው ቆዳ ላይ አይለጠፍ፤ ሲነሣ ቆዳውን ይዞት ይመጣል።

ጡቱ የተሠራው ከቆዳው ሥር በሚቀመጥ ሲሊኮን ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ከሲሊኮኑ በላይ ያለው ቆዳ ስስ ነው፤ ጨረሩም የደም ሥሮቹን ስለሚጎዳ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ቆዳው ከተከፈተና ጀርም ከገባ ሲሊኮኑ እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ስፌቱ ከተከፈተ፣ መግል ከያዘ፣ ጡቱ በድንገት ካበጠ ወይም ትኩሳትዎ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ።

ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በሲሊኮኑ ዙሪያ ያለው ጠባሳ ይጠነክራል፤ ጡቱ ይደድራል፣ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ያማል። ማሸት አያድነውም፤ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። ከሆድ ወይም ከጀርባ በተወሰደ ሥጋ የተሠራው ደግሞ ሊኮማተር ይችላል። ውስጡ ያለው ስብ ሞቶ ጠጣር እብጠት ሊሆንም ይችላል፤ ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይሆን ግን መመርመር አለበት።

ክንድ ይንቀሳቀስ፦ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣትዎን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያራምዱ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ጊዜ። ቀዶ ሐኪሙ ገደብ ካበጀልዎት ግን የእሱን ይከተሉ። እንስራና ጀሪካን በገመድ ማንገት ይቅር፤ ገመዱ የሚያርፈው እዚያው ደረትና ትከሻ ላይ ነው። የብብት ዕጢ የወጣላት ሴት በዚያ እጇ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ትጠንቀቅ፤ ትንሽ ቃጠሎ ክንዱን በሙሉ ሊያሳብጠው ይችላል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጨረሩ ካለቀ በኋላ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ቀላል ትኩሳት ከመጣ ሳንባው በጨረሩ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ካልተነገረ የሳንባ ምች ወይም ቲቢ ይመስላል፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። ለጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚነግሩት ጨረር መውሰድዎን ይሁን፤ በየትኛው ጎን፣ ስንት ግሬይና መቼ እንዳለቀ የተጻፈበትን ወረቀትም ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ።