የጠረጴዛ መጋዝ ሞተር ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

«ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ በእንጨት ሥራ ቤት ቶሎ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ርካሽ ዕቃ ነው። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፦ ቺንጋውን አውልቀው ዘንጉን በእጅ ያዙሩት። ከከበደ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነክሷል። በቀላሉ ከዞረና ሞተሩ ባለ አንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ በአንድ መስመር የሚገባለት) ከሆነ ካፓሲተሩን፣ ማለትም ለማስነሻ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ይጠርጥሩ፤ ያበጠ ወይም ዘይት ያፈሰሰ ይቀየራል። ጫፎቹን በእጅ ከመንካትዎ በፊት ግን በአምፖል አገናኝተው የያዘውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። አዲሱ በማይክሮፋራድ (በላዩ በተጻፈው የመያዝ አቅም) እኩል፣ በቮልት ከአሮጌው ያላነሰ ይሁን። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ማይክሮፋራድ መጨመር ጥቅሉን (የሞተሩን የተጠቀለለ ሽቦ) ማሞቅ ነው። ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ ከኋላ ክዳን ሥር ያለችውን፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ የማስነሻውን ጥቅል የምታላቅቀውን ማብሪያ ይመልከቱ። ሰጋቱራ መገናኛዎቿ መካከል ይገባል፤ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃታል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እንዲህ ካጉረመረመ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል ማለት ነው። ወዲያው ያጥፉት፤ በዚህ ሁኔታ ደጋግሞ መሞከር ጥቅሉን የሚያቃጥል ነው። ፊውዙን፣ ኮንታክተሩን (ሦስቱንም መስመር የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) እና የገመድ ማሰሪያዎቹን ይፈትሹ።

ባዶውን ይዞራል፣ እንጨት ሲነካ ይዝላል፦ በቅድሚያ የደነዘዘ ዲስክና የላላ ቺንጋ፣ ከዚያ ቮልቴጅ። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወርዳል፤ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያም ይህንኑ ያደርጋል።

ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፦ ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 6203 ወይም 6204፣ በጎኑ ተጽፏል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉትን ኩሽኔታዎች አብረው ይቀይሩ፤ ሰጋቱራ ባለበት ቦታ በጎማ የታሸገው በብረት ከተከደነው ይመረጣል።

ከአሜሪካ የመጣ መጋዝ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት) አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ቁራጭ) የሌለው ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ በደቂቃ ከ3450 ዙር ወደ 2850 ገደማ ይወርዳል፣ ይሞቃልም። ባለ ካርቦኑ ግን ለኸርዝ ግድ የለውም፤ ብልጭታው ከበዛ ካርቦኖቹ አልቀው እንደሆነ ይዩ።

ጥቅሉ ጠቁሮ ቫርኒሹ ከሸተተ፣ ወይም ቴስተሩ ጥቅሉ ከሞተሩ አካል ጋር መነካካቱን ካሳየ፣ ማስጠቅለል ወይም መቀየር ነው። በእኔ ግምት ከባዱ ባለ ሦስት ፌዝ ማስጠቅለል ይገባዋል፤ ትንሿን የአሉሚኒየም ሞተር ግን ከማስጠቅለል መተካት ይቀላል። ሲገዙ የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አይጠይቁ። በ2850 ዙር ፋንታ ባለ 1400 ከገጠሙ በዚያው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ) የዲስኩ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል፤ 19 ሚሊሜትር ዘንግ የለመደ ፑሌጃም 24 ላይ አይገባም።

አዲሱን በመጀመሪያ ያለ ዲስክ ያስነሱት። የዲስኩ ጥርሶች ከላይ ወደ ሠራተኛው መምጣት አለባቸው፤ በተቃራኒው ከዞረ የዲስኩን ዳዶ ሊፈታ ይችላል። በሦስት ፌዝ ሁለት ገመድ ማለዋወጥ አቅጣጫውን ያስተካክለዋል።