ሁለቱን ዘላቂ ማገጦች ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲደርስ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ ዙሪያ ያለው የሣር መሬት በማገጥ (በእንግሊዝኛ ክሎቨር በሚባለው የመኖ ተክል) ይደምቃል። አገራችን ከ25 የሚበልጡ የማገጥ ዝርያዎች አሏት። አብዛኞቹ በአንድ ዓመት በቅለው፣ አብበውና ዘር ጥለው የሚያልቁ ናቸው። ከዓመት ዓመት ከሚዘልቁት ጥቂቶች መካከል ሁለቱ መሬት ለመሬት የሚሳቡና እርስ በርስ የሚያምታቱ ናቸው፦ ትራይፎሊየም ሰሚፒሎሰም እና ትራይፎሊየም ቡርቼሊያነም። ለወተት ላሞቹ ዘላቂ ግጦሽ ለማልማት ዘር የሚለቅም አርቢ የሚሰበስበውን ማወቅ ይኖርበታል።

ከአበባው መጀመር። ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የሚሠራውም ሰው ብዙ ነው። የሰሚፒሎሰም አበባ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ የቡርቼሊያነም ደግሞ ደማቅ ወይን ጠጅ መሆኑ እውነት ነው። ይህን ብቻ ይዞ በጥቅምት ወር ሜዳ የወረደ ሰው ግን ወይን ጠጅ ያየውን ሁሉ ቡርቼሊያነም ብሎ ይመዘግባል። በዚያ ወቅት ሜዳውን ወይን ጠጅ የሚያደርጉት በአብዛኛው እንደ ትራይፎሊየም ሩፔሊያነም ያሉት የአንድ ዓመት ማገጦች ናቸው። ስለዚህ አበባውን ለጊዜው ይተዉትና ጎንበስ ብለው ግንዱን ይከተሉ። የአንድ ዓመቱ ማገጥ ሲነቀል በአንድ ሥር ተጠቃልሎ እጅዎ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ዘላቂዎች ግን መሬት ላይ የተኛው ግንዳቸው በየአንጓው አዲስ ሥር ስለሚሰድድ በቀላሉ አይነሡም፤ ሲጎተቱ እየተላቀቁ፣ አፈር እያነሡ ይመጣሉ። የአበባው ቀለም ቁም ነገር የሚሆነው ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የጠወለገ አበባ ቀለሙን ስለሚለውጥ የሚታየው በቅርቡ የፈነዳው ይሁን።

በቅጠሉ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት እንደ ማኅተም መቁጠር። በሰሚፒሎሰም ቅጠል መሐል ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ግን በሌሎች ማገጦችም ላይ አለ፤ በተለይ ከውጭ መጥቶ በመናፈሻና በሆቴል ሣር ውስጥ የሚበቅለው ነጩ ማገጥ በዚህ ምክንያት ከሰሚፒሎሰም ጋር ይምታታል። የሚሻለው ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፦ ሰሚፒሎሰም ከቅጠሉ ሥር ጸጉር አለው፤ የነጩ ማገጥ ቅጠል ግን ለስላሳ ነው። ማጉያ መነጽር ይያዙ፤ ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ጸጉር ለማየት መሞከር ግን ዓይንን ማድከም ነው። ቡርቼሊያነም ደግሞ የቅጠሎቹ ጫፍ ብዙ ጊዜ ገባ ያለ ሆኖ ይታያል፤ የአበባው ራስም ከሰሚፒሎሰም ይተልቃል።

በቁመት መፍረድ። ከብት ሲጋጠው የኖረና በአጥር ተከልሎ ያደገ አንድ ዓይነት ተክል ሁለት ዝርያ ሊመስል ይችላል። ቁመቱን ይርሱት።

በከፍታ መገመት። ቡርቼሊያነም ወደ ውርጭ እንደሚወጣ የሰማ ሰው እንጦጦ ላይ ያገኘውን ሁሉ ቡርቼሊያነም፣ ከታች ሜዳው ላይ ያየውን ሁሉ ሰሚፒሎሰም ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሁለቱም ሊኖሩ የሚችሉበት ሰፊ ቀበቶ ስላለ የአዲስ አበባ ዙሪያ ለዚህ ግምት የሚመች ቦታ አይደለም።

የአካባቢውን መጠሪያ እንደ ዝርያ ስም መውሰድ። አርሶ አደሩ ማገጥ ወይም ሲዲሳ ሲልዎት ወገኑን መንገሩ ነው። ከስሙ ይልቅ «በበጋ የሚቆየው የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ከብቱን በዚያ መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያውል ሰው፣ የትኛው በጥር ደርቆ እንደሚጠፋና የትኛው በረግረጉ ዳር እንደሚከርም ያውቃል። ቢጫ አበባ ያላትን፣ ስትቀመስ የምትኮመጥጠውንና ቅጠሏ ልብ የሚመስለውን ትንሽ አረም ማገጥ የሚሏትም አሉ፤ እርሷ ከቤተሰቡም አይደለችም።

የተለየውን ተክል ያለ ባክቴሪያው መዝራት። ይህ ከመለየት በኋላ የሚመጣ ስህተት ነው፤ ኪሳራው ግን የበለጠ ነው። ማገጥ ናይትሮጅን የሚያገኘው በሥሩ ላይ ባሉ ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሆን ለአውሮፓው ነጭ ማገጥ የተዘጋጀው ባክቴሪያ ለአፍሪካ ማገጦች በአግባቡ አይሠራም። ስለዚህ የሰሚፒሎሰም ዘር ለቅመው ወደ አዲስ መሬት ሲወስዱ ተክሉ ከበቀለበት ቦታ ጥቂት አፈር አብረው ይውሰዱና ከዘሩ ጋር ያዋህዱት። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ አንድ ችግኝ ነቅለው እነዚህን እብጠቶች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ፦ ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም።